በአንድ ጉዳይ የተቸገረ ሰው ሁሉንም ይነጠቅ?

ወሎ ውስጥ አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ወይም በእርጅና መርሳት ሲያበዛ፣ ውሳኔው ቀስ እያለ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። ማንም አዋጅ አያወጣም። መሬቱን ማን ይረሰው፣ የይዞታ ደብተሩ ማን ጋ ይቀመጥ፣ ጡረታውን ማን ያውጣ፣ ጠበል ይወሰድ ወይስ ሆስፒታል፣ ይሄ ሁሉ ቡና ላይ ያልቃል። ብዙ ጊዜም በፍቅር ነው የሚያልቀው። እናቷን ስትጠብቅ የምታድር ልጅ፣ የታመመ ወንድሙን ይዞ ደሴ የሚመላለስ ሰው፣ ከማንም ፍርድ ቤት በፊት የደረሱት እነሱ ናቸው።

ነገሩ የሚከረው ወረቀት ሲጠየቅ ነው። ባንክ ሲሄዱ "ሒሳቡ የእሳቸው ነው፣ እርስዎ ማን ነዎት?" ይባላሉ። መሬት አስተዳደር ሲሄዱ "ባለይዞታው ራሱ ይምጣ" ይባላሉ። ያኔ ቤተሰቡ ራፖር ጸሐፊ ጋ ይሄዳል። ራፖር ጸሐፊውም የለመደውን ይጽፋል፤ አባታችን አእምሯቸው ትክክል ስላልሆነ ሞግዚት ሆኜ እንድሾም ይወሰንልኝ፣ ይላል። አንድ ገጽ ናት። ያቺ አንድ ገጽ ግን የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት ከእጁ ልታወጣ ትችላለች።

እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መወሰን የሚያቅተው በአንድ ወይም በሁለት ጉዳይ ነው። የምንወስድበት ግን ሁሉንም ነው። ይህ በወሎ ቤተሰቦች ክፋት የሚመጣ አይደለም። ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ ባለማወቅና የተለመደውን መንገድ በመከተል የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሕጉን ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ዕድሜው ስድሳ አልፏል፤ አነጋገሩም የዚያ ዘመን ነው። መነሻው ግን ዛሬም ጥሩ ነው። በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በስተቀር የሲቪል ሕይወት ተግባሮችን፣ መሸጥ መግዛትና መዋዋሉን ሁሉ፣ ለመፈጸም ችሎታ አለው ይላል። በቁጥር 196 ደግሞ ችሎታ እንዳለው ይገመታል። የለውም የሚል ሰው ካለ፣ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በዚያው ሰው ላይ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባትህ ስምህን ከወንድምህ ስም ጋር ስላምታቱ ችሎታቸው አይጠፋም። ሐኪም ካርድ ላይ ስኪዞፍሬንያ ብሎ ስለጻፈም አይጠፋም። በሽታው ራሱ አይደለም የሚጠየቀው። ሰውየው የሚያደርገው ነገር ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል ወይ ነው ጥያቄው። ቁጥር 339 እንደዚያ ነው የሚለው፤ በአእምሮ አለማደግ፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በማርጀት ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት የማይችል ሰው። እዚያው ቁጥር ላይ የመጠጥ ሱሰኛንና ገንዘብ አባካኝን እንደ ሁኔታው ከዚህ ጋር ይደምራል፤ እሱ ሌላ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር 340 ስለ ዓይነ ስውራን፣ መስማትና መናገር ስለማይችሉ እና ቋሚ ጉዳት ስላለባቸው ሰዎች ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መጠበቅ ካልቻሉ፣ ከፈለጉ ጥበቃውን ራሳቸው ሊጠይቁ ይችላሉ ነው የሚለው። ሌላው ተነስቶ "ማየት ስለማትችል ብቻህን አትፈርምም" እንዲላቸው የተጻፈ አይደለም። እንዲህ የሚል ሠራተኛ ሲያጋጥም ሕጉን ገልብጦ እያነበበው ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ እንምጣ። ለወሎ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ቁጥር 342 ይመስለኛል፤ ከሕግ ባለሙያዎች ውጪ ስሙን የሚያነሳው ግን ትንሽ ነው። ሕጉ ሕመሙ በአደባባይ የታወቀ ሰው እና ያልታወቀ ሰው ብሎ ይለያል። ሆስፒታል ወይም መጠበቂያ ቦታ ተኝቶ ያለ ሰው፣ እዚያ ባለበት ጊዜ፣ ሕመሙ የታወቀ ይባላል። ገጠር ውስጥ ግን ሆስፒታል የለም። ስለዚህ ሕግ አውጪው ሌላ ምልክት ፈለገ። ከ2000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት አካባቢ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁት ከሆነና እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ከከለከሉት፣ ሕመሙ የታወቀ ነው አለ።

ቁም ነገሩ ምንድን ነው? እንበል ተንታ ውስጥ አንድ ገበሬ ታሟል። ሌሊት ተነስቶ ገደል አፋፍ ስለሚሄድ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ጠባቂው ገበያ ሲሄድ፣ የሚያውቀው ነጋዴ ይመጣና በሬውን በማይረባ ዋጋ ይገዛዋል። ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ይቀበላል። መንደሩ ሁሉ እየተጠበቀ እንደሚኖር ያውቃል። በዚህ ጊዜ ሽያጩን ራሱ ወይም ስለ እሱ የቆመ ሰው በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል። ገዢው ግን "ታማሚ ስለሆነ ውሉ ይፍረስልኝ" ማለት አይችልም። ጥበቃው የተሠራው ለታመመው ነው። ደግ ሕግ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እዚህ ላይ ሕጉ ለማስረጃነት የወሰደው ቤተሰቡ በሰውየው ላይ የጣለውን እገዳ ነው። ያሰሩት ወይም ዘግተው ያስቀመጡት ሰዎች ሥራቸው ራሱ ስለ እሱ ይመሰክራል። ሐኪም አላየውም፤ ዳኛም አላየውም። በ1952 ሌላ መንገድ አልነበረም ይሆናል። ዛሬ ግን ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ትዞራለች። በዚያ ላይ ቆጠራው ራሱ ግራ ያጋባል። የዛሬ የገጠር ቀበሌ አብዛኛው ከ2000 ሰው ይበልጣል፤ ጎጥ ብለን ከቆጠርን ደግሞ ያንሳል። የቱን እንይዛለን? ዳኛ ፊት ሲቀርብ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሕመሙ በአደባባይ ላልታወቀ ሰው ማስረዳቱ ይከብዳል። ውሉን በፈረመበት ሰዓት ፈቃዱን በትክክል ለመስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል። በዚያ ሰዓት የምትለው ነገር ወሳኝ ናት። የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ ይመጣል ይሄዳል። መድኃኒቱን እየወሰደ ያለ ሰው ለወራት እንደ ማንኛችንም አስቦ ይገበያያል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ያኔ በየወሩ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም። ችሎታው የወደቀው መድኃኒቱ ስላለቀ ነው። መድኃኒቱ ሲመለስ ችሎታውም ይመለሳል። በዚያ ክፉ ወር ላይ ተመሥርቶ "ይህ ሰው ለዘላለሙ መወሰን አይችልም" ማለት እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

የፍርድ ቤቱ መንገድ በሕግ አነጋገር ክልከላ ይባላል፤ ሰውየው ጉዳዩን በራሱ እንዳይፈጽም ዳኛ ሲከለክለው ማለት ነው። ማመልከቻውን የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ታማሚው ራሱ ሊያቀርብ ይችላል። ቁጥር 351 ክልከላው የሚሰጠው የሰውየው ጤንነትና ጥቅም ሲያስገድድ ነው ይላል። ጥሩ። ከዚያ ግን ለወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊሰጥ ይችላል ብሎ ይጨምራል። ይህችን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። አባት በሕይወት እያሉ፣ ወራሾች ነገ የምንወርሰው እንዳይባክን ብለው የአባትን እጅ ማሳሰር ይችላሉ ማለት ነው። አመልካቹ ልጅ ሲሆን ዳኛው ሁለት ጊዜ ሊያስብ ይገባል። ይህ ልጅ የመጣው ለአባቱ ነው ወይስ ለቤቱ?

ሕጉ ለዚህ ያስቀመጠው ጥንቃቄ አለ። ሰውየው በመርሕ ደረጃ ዳኛው ፊት መቅረብ አለበት። መምጣት ካልቻለ፣ ከዳኞች አንዱ ወይም ፍርድ ቤቱ የሾመው ባለሙያ ሄዶ ያየዋል። በተግባር ግን የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሦስት ምስክርና የሐኪም ወረቀት ይቀርብና ሰውየው ሳይታይ የሚያልቅበት ጊዜ እንዳለ ሰዎች ነግረውኛል። ምስክሮቹ ጎረቤት ናቸው። "አዎ ጌታዬ፣ ብቻቸውን ያወራሉ" ይላሉ። ብቻውን የሚያወራ ሰው ግን ጡረታው ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጠው አሳምሮ ሊያውቅ ይችላል። ጠይቁት። ዝም ብላችሁ ጠይቁት።

ክልከላው ከተወሰነ በኋላ የሚሆነው ይህ ነው። ሰውየው አካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ይቆጠራል። ለአካሉ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾምለታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ይሆናሉ። ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት አይችልም። ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ዕድሜ ልኩን የሠራ፣ ልጆች ድሮ የዳረ፣ በመንደሩ ዕርቅ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ውሳኔ ልጅ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው። ሕጉ ሁሉንም ወይም ምንም አይልም። ፍርድ ቤቱ የክልከላውን ውጤት ሊወስን፣ ሰውየው ራሱ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን ነገሮች ለይቶ ሊተውለት ይችላል። ለምሳሌ ቤት መሸጥን ከልክሎ፣ ጡረታውን ግን ራሱ እንዲያወጣ ሊተወው ይችላል። ይህ ሥልጣን በ1952ቱ ሕግ ውስጥ ቁጭ ብሎ አለ። አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አመልካቹ እንዲያነሳውና ዳኛው እንዲያስታውሰው ብቻ ነው። ራፖር ጸሐፊው "ሙሉ በሙሉ" ብሎ ሲጽፍ፣ "ወንድሜ፣ የእኛ ችግር የቤቱ ኪራይ ውል ብቻ ነው፣ እሱን ጻፍልን" ማለት ይቻላል።

አንዲት ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ እንውሰድ። ወሎ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። የሀርቡ ትሁን የውጫሌ፣ የባቲ ትሁን የመርሳ፣ ሳዑዲ ሄዳ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታለች። ደመወዟን ለወንድሟ እየላከች ቆይታለች። የተመለሰችው ታማ ነው። ሌሊት አትተኛም። የማይሰማ ድምፅ ትሰማለች። አሠሪዋ አሁንም የምትጠራት ይመስላትና ብድግ ትላለች። እናቷ አጠገቧ ተኝታ እጇን ይዛ ታድራለች። ሙስሊም ከሆነች ዱዓ ይደረግላታል፤ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ጸሎት ይጠራላታል። ክርስቲያን ከሆነች ጠበል ትገባለች። ከዚያ ደሴ፣ ካስፈለገም 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፤ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር።

በዚህ መሐል የገንዘቡ ነገር ይነሳል። ከላከችው ብር ቦታ ተገዝቷል፤ በወንድም ስም። የቀረው ባንክ ውስጥ አለ፤ በእሷ ስም። ለሕክምናዋ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባንኩ ደግሞ ያለ እሷ አይሰጥም። ወንድሟ ሞግዚት ልሁን ብሎ ያመለክታል። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ተጨንቋል። ግን አስቡት። በስሙ በተገዛው ቦታ ላይ ነገ ጥያቄ ልታነሳ የምትችለው ሰው እሷ ናት። አሁን ስለ እሷ የሚናገረው፣ የሚከሰሰውም የሚከስሰውም እሱ ሊሆን ነው። ዳኛው ሌላ ዘመድ ለንብረቱ ሊሾም፣ ወንድምየውን ለአካሏ አሳዳሪነት ሊተወው ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው በችሎቱ ውስጥ አለ ወይ? ዐቃቤ ሕግ ይጠየቅ ይሆን?

እሷስ? ከሰዓት በኋላ መድኃኒቷ ሲሠራ፣ ቡና አፍልታ፣ ስኒውን ለእንግዳ አስቀድማ ታቀርባለች። ስንት እንደላከች በሪያል ትነግራችኋለች። ታናሽ እህቷ እንድትማርበት እንደምትፈልግ ትነግራችኋለች። ሌሊት የማይሰማ ድምፅ መስማቷ ይህን ፍላጎቷን ውሸት አያደርገውም። ፍርድ ቤት ስትቀርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በመድኃኒት ድንዝዝ ብላ ከሆነ ግን "አትናገርም" ተብሎ ይመዘገባል። ቀጠሮው ለከሰዓት ይደረግልን ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር ነው። ለእሷ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌላው በብዛት የሚሄድበት መንገድ ውክልና ነው። ፍርድ ቤት ረጅም ስለሚመስል፣ "እማማን ውልና ማስረጃ ወስደን እናስፈርማቸው" ይባላል። ስለ ውክልና ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ሲሞት ብቻ አይደለም ውክልናው የሚቀረው፤ ችሎታ ሲያጣም ይቀራል። ጤነኛ ሳሉ የሰጡት ውክልና በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ሰው የሚወክለው ለክፉ ቀን ብሎ ነው፤ ወረቀቱ ግን ያን ቀን ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ መርሳት የጀመራቸው ነገር ግን ነገሩን አጥርተው የሚያዩ ሰዎች፣ "ችሎታ ባጣም ውክልናው ይቀጥል" የሚል ቃል ይግባበት ወይስ አይግባ ብለው አስቀድመው ከሕግ ባለሙያ ጋር ቢመክሩ ጥሩ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን የመሰለ ነገር ደግሞ በጠቅላላ ውክልና አይሆንም፤ ልዩ ውክልና ይፈልጋል።

የማስፈረሚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን አይቻለሁ። አንዲት አሮጊት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ቆሟል። ሠራተኛው ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ አነበበ። "ገብቶዎታል አይደል እማማ?" አለ። "እንግዲህ ልጄ ካለ" አሉ። አውራ ጣታቸው ቀለም ውስጥ ገባ። አለቀ። ልጁ የሚያጠፋ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ያ መልስ ግን ፈቃድ አይደለም። ሠራተኛው ማለት የነበረበት አንድ ነገር ነበር። "እማማ፣ ይህን ወረቀት ሲፈርሙ ልጅዎ ምን ማድረግ ይችላል?" ቢላቸውስ? እሳቸውም "ሸዋ በር ያለውን ቤቴን ያከራይልኛል፣ ኪራዩን ያመጣልኛል፤ መሸጥ ግን አልፈቅድም" ቢሉስ? ያኔ ቀኑን ባያውቁ፣ የአሁኑን የከንቲባ ስም ባያውቁ ምን ችግር አለው? ስለ ቤታቸው ያውቃሉ። የተጠየቁት ስለ ቤታቸው ነው። መልሱን መመለስ ካልቻሉ ግን ቀለሙን ማቆም ነው፤ ሌላ ቀን፣ ጤናቸው በተሻለ ጊዜ፣ ልጁ ውጪ ሆኖ መጠየቅ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱም ነገሩ ይኸው ነው። ለሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው በሽተኛው ነው፤ ቤተሰብ የሚፈርመው እሱ በማይችልበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ወሎ ውስጥ ሌላም ጥያቄ አለ፤ የትኛው ፍርድ ቤት? በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚኖርበት አገር ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ ይዳኛሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ላይ ይህን የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው መወሰን አይችልም ተብሎ የቀረበ ከሆነ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዳኘኝ ብሎ የሚስማማው ማን ነው? ቃዲው ፊት ሞግዚት ልሁን ብሎ የቆመው ሰው ስለ እሱ ሊስማማ አይችልም፤ ገና አልተሾመማ! ይህ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው።

ሃይማኖቱ ራሱ ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረን አለው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 4፥5 ላይ ገንዘባቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች ንብረቱን አትስጧቸው ይልና በዚያ አያቆምም። ከእሱ አብሏቸው፣ አልብሷቸው፣ መልካም ንግግርም ንገሯቸው ይላል። ጥበቃውና ክብሩ በአንድ አንቀጽ ናቸው። ጠበል ቦታ በሰንሰለት ስለሚታሰር ሰው ለሚያውቁ ካህናትም ይህን ጥያቄ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ወደ ጠበሉ መጥቶ የሚጠመቅ ሰው በፈቃዱ መጣ? ካልፈቀደስ ማን ጠየቀው? ጠበሉን ትቶ መድኃኒት ይውሰድ አላልኩም። ሁለቱንም ይዞ የሚድን ብዙ ሰው አለ።

የአገር ሽማግሌ ነገርም ችላ የሚባል አይደለም። አበጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም እንኳ ያስታርቃሉ። ወንድምና ወንድም በታመመ አባት መሬት ሲጣሉ፣ ችሎት ከመድረሱ በፊት ነገሩን የሚያበርዱት እነሱ ናቸው። ሽማግሌ ግን የአንድን ሰው ችሎታ ሊወስድ አይችልም። ያ የዳኛ ሥራ ነው። ሽማግሌ የሚችለው፣ ለዚህም ከማንም የሚሻለው፣ የሰውየውን የቀድሞ ሐሳብ መመስከር ነው። "እሱ ሁሌም ያን ማሳ ለታናሽቱ ልጁ እሰጣለሁ ይል ነበር" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሐኪም ይህን አያውቅም።

ዓለም አቀፉ ሕግ ወዴት እየሄደ እንደሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ጨምሮ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ችሎታ አለው ይላል። መንግሥት ውሳኔውን ከሰውየው ከመውሰድ ይልቅ እንዲወስን ይርዳው ነው ነገሩ። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች ሞግዚት መሾምን አስቀርታ ደጋፊ ወደሚባል ሥርዓት ሄደች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ችሎታ የሚለካው ለእያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻ ነው፤ ጥበብ የጎደለው ውሳኔ ስለወሰነ ብቻም ማንም ችሎታ የለውም አይባልም።

እኔ እንደ ፔሩ ሙሉ በሙሉ እንሂድ አልልም። ልጆቻቸውን የማያውቁ፣ ምግብ መብላት የሚረሱ አባት ሞግዚት ያስፈልጋቸዋል። ያን ሥራ የሚሠራ ሰው ሥልጣን ያስፈልገዋል። ግን ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ትልቋ ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በሚያውቁት አነጋገር ብትነግራቸው የሚገባቸው ነገር ስንት ነው? በኦሮምኛ ያደገን የከሚሴ ሰው በአማርኛ ጠይቆ አልመለሰም ማለትስ? ከስትሮክ በኋላ አንደበቱ የተያዘ ሰው በጭንቅላቱ እሺ ወይም እምቢ ይላል። ይህ ሁሉ ድጋፍ ነው፤ ብርም አያስወጣም።

ማመልከት ግድ ከሆነ ጥቂት ነገሮችን መያዝ ይቻላል። የትኛው ጉዳይ እንዳስቸገረ ለይቶ መጻፍ፣ ለአካሉና ለንብረቱ የተለያየ ሰው መጠየቅ፣ የሐኪሙ ወረቀት የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ሰውየው ምን መረዳት እንደሚችልና እንደማይችል እንዲናገር ማድረግ። ሞግዚቱም ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ከመጀመሪያው ይወቅ። የሰውየው ገንዘብ ለሰውየው ነው፤ ለሰርግም፣ ለሌላ ልጅ ጉዞም አይደለም።

ክልከላው ዘላለማዊ አይደለም። ምክንያቱ ሲቀር ይነሳል። ለዚህም ወደ ፍርድ ቤት ተመልሶ ማመልከት ይቻላል። ቤተሰብ ግን ለመከልከል እንጂ ለማንሳት ብዙ አይመለስም፤ ልጅቷ ድና፣ ሱቅ ከፍታ፣ ወረቀት ላይ ግን እስከ ዛሬ በወንድሟ ሞግዚትነት ሥር ልትሆን ትችላለች። ባንክ ስትሄድ ነው የምታውቀው። እንዲህ ያለች ልጅ ካለች የመጀመሪያ ሥራዋ የውሳኔውን ግልባጭ ከወሰነው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ከሚከታተላት ሐኪም አሁን ስላለችበት ሁኔታ ወረቀት ማግኘት ነው፤ ከዚያ ክልከላው ይነሳልኝ ብላ እዚያው ፍርድ ቤት ታመልክት።